የመንገድ ርቀት የሚለካው በምንድር ነው

በቀድሞ ዘመን የኢትዮጵያ ሰው መንገደኛን አግኝቶ «ከዚህ እስከዚያ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚሰማው መልስ በክንድ ወይም በገመድ የተለካ አልነበረም። «የአንድ ቀን መንገድ ነው»፣ «ማልዶ የተነሣ ለምሳ ይደርሳል»፣ «ሁለት አድሮ በሦስተኛው ቀን ይገባል» ይባል ነበር እንጂ። ይህ አነጋገር መለኪያ ከማጣት ብቻ የመጣ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። አባቶች አሥር ምዕራፍ ሜዳና አሥር ምዕራፍ ገደል እኩል እንዳልሆኑ ያውቁ ነበር። የበጋውን መንገድና የክረምቱን መንገድ፣ ጭነት ያለበትን ሰውና ባዶ እጁን የሚሄደውን ሰው ለይተው ይቈጥሩ ነበር። ስለዚህ መንገዱን በመሬቱ ርዝመት ሳይሆን ከሰው ዕድሜ በሚወስደው ጊዜ ይለኩት ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም ቢሆን ሊናቅ የሚገባው አይደለም።

በአሁኑ ጊዜ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ምን ያህል ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቶሎ ይገኛል፤ «በአይሮፕላን አንድ ሰዓት» ይባላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ግማሹ እውነት እንደ ሙሉ እውነት ተቈጥሮ ሥራ ሲሠራበት ደግሞ የሚጎዳው ከአይሮፕላኑ ማረፊያ ርቆ የተቀመጠው ሕዝብ ነው። ስለዚህ የዚህን የአንድ ሰዓት መንገድ ነገር ከሥር መሠረቱ መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ ቍጥሩን መመልከት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ከቦሌ የአይሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በባሕር ዳር እስከሚገኘው እስከ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ የአይሮፕላን ማረፊያ ድረስ በቀጥታ ቢለካ 333 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል። በካርታ ላይ ገመድ ቢዘረጋ ገመዱ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ የሰላሌን አገር ያልፋል፤ ዓባይን በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ ድልድዩ በሚገኝበት አካባቢ ይሻገራል፤ ቁመቱ ከ4000 ሜትር በሚበልጠው በጮቄ ተራራ ላይ አልፎ ወደ ጣና ሐይቅ ዳር ይወርዳል። በምድር የሚሄደው ሰው ግን ይህን ቀጥታ መስመር ሊከተል አይችልም። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ በኩል የሚሄደው ዋናው መንገድ 560 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን፣ በሞጣ በኩል የሚያቋርጠው ደግሞ ወደ 490 ኪሎሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ዋናው የምድር መንገድ ከአየሩ መንገድ በ230 ኪሎሜትር ያህል ይረዝማል ማለት ነው።

ይህም ትርፍ ርዝመት የመጣው ከመንገድ ሠሪዎች ስንፍና አይደለም። የጎጃም አገር ተፈጥሮ እንደሚያስገድደው መንገዱ ጮቄን መዞር አለበት፤ የዓባይንም በረሃ ከአንዱ አፋፍ እስከ ሥሩ ድረስ ከ1000 ሜትር በላይ ቍልቍል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ሽቅብ መውጣት አለበት። አይሮፕላኑ በጥቂት ደቂቃ የሚያልፈውን ያን ሸለቆ ከባድ መኪና እየተጠማዘዘ ለማለፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። በ2000 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ወንዙን መሻገሩን አቀለለ፤ ቍልቍለቱንና ዐቀበቱን ግን ሊያስቀር አልቻለም።

የአየር ጉዞ ለኢትዮጵያ ያስገኘውን ጥቅም አሳንሶ መናገር አይገባም። የመጀመሪያው አይሮፕላን በአዲስ አበባ ያረፈው በ1921 ዓመተ ምሕረት በነሐሴ ወር ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓመተ ምሕረት ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን ጉዞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያን ጊዜ ይሠራባቸው የነበሩት ዲሲ ሦስት የሚባሉት አይሮፕላኖች በየክፍለ ሀገሩ በሣር ሜዳ ላይ እያረፉ፣ ሰውንም ዕቃንም፣ አንዳንድ ጊዜም የቡና ጆንያ እየጫኑ ይመላለሱ ነበር። ተራራው ለየብቻ ከፋፍሎት የኖረው ሕዝብ እርስ በርሱ እንዲተዋወቅ ይህ ሥራ እጅግ ረድቷል።

ይህ ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ከዚያ አምስት ዓመት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይበቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት በኦሜድላ የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ። በጎጃም በኩል አልፈው፣ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። ይህ ጉዞ 105 ቀን ፈጀ። እርግጥ ነው፣ በመካከሉ ጦርነት ነበረ፤ ቡሬም ራስዋ የተለቀቀችው በውጊያ ነው። ነገር ግን ጦርነቱ ባይኖር ስንኳ ያን አገር በግመልና በበቅሎ ማቋረጥ የብዙ ሳምንት ሥራ ነበር። የባሶ ነጋዴም ጭነቱን አስይዞ እስከ ምጽዋ ሲሄድ ወራትን ይቈጥር ነበር፤ ቅኔ ፍለጋ ከጎንደር ወደ ጎጃም የሚሻገረው የቆሎ ተማሪም ስንቁን በአኩፋዳ ይዞ ስንት መንደር እያደረ ይሄድ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ «አንድ ሰዓት» የሚለው ቃል መሰማቱ ታላቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ይህ አንድ ሰዓት ከየት ተነሥቶ የት የሚያልቅ ነው? አይሮፕላኑ ከቦሌ ሜዳ ሲነሣ ይጀምራል፤ በባሕር ዳር ሜዳ ሲቆም ያልቃል። ቀጥታው 333 ኪሎሜትር ስለ ሆነ፣ በአገር ውስጥ የሚበረው ዳሽ ኤይት የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት ከ600 ኪሎሜትር በላይ ስለሚሄድ፣ ሒሳቡን ለሚያሰላ ሰው መንገዱ የግማሽ ሰዓት ይመስለዋል። የቀረው ጊዜ የት እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል። የቦሌ ሜዳ የተዘረጋው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለ ሆነ አይሮፕላኑ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ መዞር አለበት፤ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም፤ ሊያርፍ ሲልም አስቀድሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከሌሎች አይሮፕላኖች ጋር ተራውን ይጠብቃል፤ በሜዳውም ላይ እየተንከባለለ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ነፋስም ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። ስለዚህ በጊዜ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ ተብሎ የሚጻፈው በትክክል የተጻፈ ነው።

መንገደኛው ግን የሚነሣው ከቦሌ ሜዳ አይደለም፤ ከቤቱ ነው። የሚደርሰውም በባሕር ዳር ሜዳ አይደለም፤ ጉዳዩ ወዳለበት ስፍራ ነው። በአዲስ አበባ ከቤቱ እስከ ቦሌ አንድ ሰዓት ቢሄድ፣ በማረፊያው ለፍተሻና ለመመዝገቢያ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቢገኝ፣ አንድ ሰዓት ቢበር፣ በባሕር ዳር ዕቃውን ተቀብሎ ከተማ እስኪገባ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት፣ ድምሩ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። 333 ኪሎሜትሩ ለአራት ሰዓት ተኩል ሲካፈል በሰዓት 74 ኪሎሜትር ይደርሳል። ይህም መልካም መንገድ ያገኘ መኪና የሚሄደው ፍጥነት ነው። እንግዲህ የመንገደኛውን ጊዜ የሚበላው ሰማዩ ሳይሆን ምድሩ እንደ ሆነ ከዚህ ሒሳብ ይታያል።

ለዚህ ነገር ጢስ ዓባይ ጥሩ ምስክር ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ 30 ኪሎሜትር ያህል ከሄደ በኋላ 45 ሜትር ከሚያህል ገደል ይወረወራል፤ በክረምት ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ የሚያነሣውም ጭጋግ ከሩቅ እንደ ጢስ ስለሚታይ ስሙ ከዚሁ ወጥቷል። ይህን ለማየት ሰው ከውጭ አገር ሳይቀር ይመጣል። የሚመጣውም እንግዳ 333 ኪሎሜትሩን በአንድ ሰዓት በርሮ፣ ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ሆኖ በኖረው 30 ኪሎሜትር ላይ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይፈጃል። የመጨረሻው 30 ኪሎሜትር ከመጀመሪያው 333 ኪሎሜትር ጋር በጊዜ ሚዛን ሊስተካከል ምንም አይቀረውም። የጢስ ዓባይ ውኃም ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ስለሚጠለፍ፣ በ1993 ዓመተ ምሕረትም ሁለተኛው ማመንጫ ስለ ተጨመረ፣ በበጋ የሚመጣ ሰው ከፏፏቴው ቀጭኑን ብቻ የሚያይበት ጊዜ አለ። ለእንግዳ «አንድ ሰዓት ነው፤ ና» ብሎ ብቻ ከመጥራት፣ ከደጁ እስከ ፏፏቴው አፋፍ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበትና በየትኛው ወር ቢመጣ ጢሱን እንደሚያገኝ መንገር የታማኝ አስተናጋጅ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ጎብኚው ጊዜው ቢባክን የሚቀርበት መደሰቻ ነው። ነገሩ የሚከብደው ወደ ምዕራብ ጎጃም ገጠር ሲገቡ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም በመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ 387 ኪሎሜትር፣ ከባሕር ዳር 176 ኪሎሜትር ይርቃል። ቡሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ 411 ኪሎሜትር፣ ከባሕር ዳር 148 ኪሎሜትር ያህል ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ በአየር ቀጥታ ቢለካ 250 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከባሕር ዳር ያጠረ ነው። ነገር ግን የፍኖተ ሰላም ሰው በአይሮፕላን ልሂድ ቢል ፊቱን ከአዲስ አበባ አዙሮ 176 ኪሎሜትር ወደ ሰሜን መሄድ፣ ከዚያ ተነሥቶ ደግሞ ወደ ደቡብ ተመልሶ የራሱን ክፍለ ሀገር በሰማይ ማቋረጥ አለበት።

ጊዜውን ማስላት አያስቸግርም። መኪና በዚያ መንገድ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎሜትር ቢሄድ፣ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ለመግባት ሦስት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። ከመናኸሪያው ወደ አይሮፕላን ማረፊያው ግማሽ ሰዓት፣ በማረፊያው ሁለት ሰዓት፣ በአየር አንድ ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ከቦሌ እስከ ጉዳዩ ስፍራ አንድ ሰዓት ቢጨመር ድምሩ ስምንት ሰዓት ይሆናል። በዚያው ፍጥነት በምድር በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ ግን ሰባት ሰዓት ከሦስት ሩብ ይበቃዋል። ስለዚህ ለፍኖተ ሰላም ሰው አይሮፕላኑ ገንዘቡን ያስወጣዋል እንጂ ጊዜውን አይቈጥብለትም። ለቡሬ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ቢያተርፍለት ነው፤ ያም ትርፍ በቲኬቱ ዋጋ የተገዛ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ተረት በዚህ ነገር ላይ ተፈጽሟል፤ አይሮፕላኑ በጎጃም ሰማይ ላይ ዕለት በዕለት ሲያልፍ ድምፁን የሚሰማው ገበሬ ሊሳፈርበት አልቻለም።

ገበሬው አይሮፕላን ለመሳፈር ምን ጉዳይ አለው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ ከባድ አይደለም። በሽታ ከተማና ገጠር አይለይም። ለምሳሌ ያህል ከቋሪት ወይም ከሰከላ ውስጥ ከአንድ ሩቅ ቀበሌ የተነሣ በሽተኛ ይታሰብ። በመጀመሪያ ዘመዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና ወደሚገኝበት መንገድ ያደርሱታል። ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ሆስፒታል ይሄዳል። ሕመሙ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይላካል። ካንሰር ሆኖ የጨረር ሕክምና የሚያስፈልገው ሲሆን ደግሞ፣ ይህ ሕክምና በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ በሽተኛው ያን ሁሉ መንገድ መጓዝ ግዴታው ነበረ። ለእንዲህ ያለው ሰው ከባሕር ዳር ወዲያ ያለው አንድ ሰዓት መልካም ነው፤ ሕይወቱ የሚያልቀው ወይም የሚተርፈው ግን ከባሕር ዳር ወዲህ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ምጥ የያዛት እናትም ብትሆን እንዲሁ ናት፤ ደም የሚፈሳት ሴት ሰዓት የምትቈጥረው ከአይሮፕላን ማረፊያ ጀምራ አይደለም፤ ከመደቧ ጀምራ ነው።

የንግዱም ነገር እንደዚሁ ነው። የቡሬና የወምበርማ አገር በበርበሬና በበቆሎ የታወቀ ነው። በቡሬም የግብርና ውጤቶች የሚቀነባበሩበት የኢንዱስትሪ መንደር ተቋቁሟል። ገበሬው ምርቱን ከማሳው እስከ ዋናው መንገድ በአህያና በሸክም ሲያወጣ የሚከፍለው ዋጋና የሚያጠፋው ቀን፣ ከቡሬ እስከ አዲስ አበባ በከባድ መኪና ከሚያስከፍለው ጋር ሲነጻጸር ለኪሎሜትሩ እጅግ የበለጠ ነው። ጥቂቱ ርቀት ውድ፣ ብዙው ርቀት ርካሽ የሆነበት ምክንያት መንገዱ በአንደኛው ላይ ስላለ በሁለተኛው ላይ ስለሌለ ነው። የቀብርም ነገር አለ፤ ያገሩ ሰው የዘመዱን መርዶ ሰምቶ አፈር ሳያለብስ መቅረቱን እንደ ውርደት ይቈጥረዋል፤ መንገድ ያስቀረው ሰው ሐዘኑ ሁለት ነው።

በዚህ ላይ ሌላ መከራ ተጨምሯል። ከ2015 ዓመተ ምሕረት ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የምድሩ መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ የባሕር ዳርና የጎንደር የአይሮፕላን ጉዞም ለጥቂት ቀኖች ተቋርጦ ነበር። የአየሩ ጉዞ ሲከፈት ገንዘብ ያለው ሰው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ሊሄድ ቻለ፤ በመካከል ያለው የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሕዝብ ግን ወዲያም ወዲህም ሳይል የሚቀርበት ቀን ብዙ ሆነ። መንገድ በተዘጋ ጊዜ 176 ኪሎሜትር መለኪያ የለውም፤ ከባሕር ማዶ ይርቃል። በአንድ አገር ውስጥ አንዱ ከተማ ከሌላው ጋር በሰማይ ሲገናኝ፣ በመካከላቸው ያለው ገጠር ከሁለቱም ተለይቶ የሚቀር ከሆነ አንድነቱ ሙሉ ነው ሊባል አይቻልም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድር ነው? አንዳንድ ሰዎች በየከተማው የአይሮፕላን ማረፊያ ይሠራ ይላሉ። በደብረ ማርቆስ የማረፊያ ሥራ መጀመሩ የሚያስደስት ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ወደዚያ የሚሄድ ሰው ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ስለሚሄድ ወደ ኋላ የመመለሱ ድካም ይቀርለታል። ነገር ግን ለየወረዳው አይሮፕላን ማረፊያ መመኘት የሒሳቡን ወጪ አለማየት ነው። አይሮፕላን ሜዳ ብቻ አይበቃውም፤ የሚያበራ፣ የሚጠግን፣ እሳት የሚያጠፋ፣ አየሩን የሚመረምር፣ ሜዳውንም የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ጥንቃቄ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የባሕር ዳሩ አደጋ አስተምሯል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓመተ ምሕረት ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 አይሮፕላን ሲነሣ ርግቦች በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብተውበት ሊያርፍ ሲሞክር ተከሰከሰ፤ ከ104 ሰዎችም 35 ሞቱ። ሜዳ መጥረግ ቀላል ነው፤ ሜዳን ዘወትር መጠበቅ ግን ከባድ ነው። 70 መንገደኛ የሚይዝ አይሮፕላን ዕለት በዕለት የሚሞላ ሕዝብና ገንዘብ በሌለበት ስፍራ የተሠራ ማረፊያ ደግሞ የከብት መሰማሪያ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ሰው ሊመክር የሚችለው ነገር ከዚህ ያነሰ ወጪና ከዚህ የበለጠ ጥቅም ያለው ነው። የመጀመሪያው፣ የአየሩን ጉዞና የምድሩን ጉዞ ማገናኘት ነው። አይሮፕላን በባሕር ዳር የሚያርፍበት ሰዓት የታወቀ ነው፤ አውቶቡስም ወደ ዳንግላ፣ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚነሣበትን ሰዓት ከዚያ ጋር ማስማማት ይቻላል። እንዲህ ቢሆን መንገደኛው በመናኸሪያ ለሊቱን ተቀምጦ አያነጋም፤ አንድ ቀን ይተርፈዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ድንጋይና ሲሚንቶ ሳይሆን የሁለት መሥሪያ ቤት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ነው።

ሁለተኛው የበሽተኞች ነገር ነው። ከሆስፒታል የመላኪያ ወረቀት የያዘ ድኻ በሽተኛ ከአስታማሚው ጋር በየጉዞው ጥቂት መቀመጫ በቅናሽ ቢጠበቅለት የአየር መንገዱን ትርፍ የሚያናጋ ነገር አይሆንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ስሙም በዓለም የተከበረ ነው። የሩቁን ዓለም ያቀራረበ ድርጅት የቅርቡን ገበሬ ቢያቀርብ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይጎድልም።

ሦስተኛውና ዋናው ትንንሹ መንገድ ነው። በ2003 ዓመተ ምሕረት ገደማ የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ ከሚያገለግል መንገድ ጋር ለማገናኘት የታሰበ ነበር። አሳቡ ትክክለኛ ነው፤ ብዙ መንገድም ተሠርቷል። ነገር ግን የጎጃም ክረምት ብርቱ ነው፤ መሬቱም ጥቍርና ቀይ ጭቃ ነው። ውኃ መውረጃው ከሰኔ በፊት ያልተጠረገ መንገድ በመስከረም መንገድነቱ ይቀርና ወንዝ ይሆናል። መንገድን መሥራት የአንድ ጊዜ ሥራ ሲሆን መንገድን ማኖር የየዓመቱ ሥራ ነው። የተሠራውን ርዝመት በኪሎሜትር ብቻ ማስታወቅ ሳይሆን፣ ከነሐሴ ዝናብ በኋላ መኪና የሚያስኬደው ስንቱ እንደ ሆነ እየለዩ ማስታወቅ ቢለመድ፣ ሹሙም ሕዝቡም እውነቱን ያውቁ ነበር።

አራተኛው ነገር ከሁሉ ይቀድማል፤ እርሱም የመንገዱ ሰላም ነው። በማናቸውም ወገን ያለ ሰው መሣሪያ ቢያነሣ፣ በሽተኛ የጫነ መኪና፣ መድኃኒት የጫነ መኪና፣ እህል የጫነ መኪና እንዳይታገድ ማድረግ ያገሩ የቆየ ጨዋነት ነው። በድሮው ጦርነት ስንኳ ገበያተኛና ካህን፣ ሴትና ሕፃን ማሳለፍ እንደ ወግ ይቈጠር ነበር። መንገድ የሚዘጋ ሰው ጠላቱን የጎዳ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የሚሞተው በቃሬዛ ላይ ያለው የራሱ አገር ልጅ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመጨረሻው ምክር ስለ ንግግር ነው። በጊዜ ሰሌዳ፣ በጋዜጣ፣ በሬዲዮም የሁለት ከተማ ርቀት ሲነገር፣ «በአይሮፕላን አንድ ሰዓት» ተብሎ እንዳይቆም ይገባል። ከደጅ እስከ ደጅ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ፣ በበጋና በክረምት ምን ልዩነት እንዳለው አብሮ ይነገር። መለኪያው ሲስተካከል ሥራውም ይስተካከላል። የገጠሩን ሰው ሰዓት ከሒሳብ ያወጣ ዕቅድ ገንዘቡን ሁሉ ከተማን ከከተማ ለማቀራረብ ያወጣል፤ የገጠሩን ሰው ሰዓት የቈጠረ ዕቅድ ግን መጀመሪያ ወደ ገደሉ ጫፍ፣ ወደ ተሰበረው ድልድይ፣ ውኃ ወደ በላው መንገድ ይመለከታል።

ፍኖተ ሰላም ማለት በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። አንድ ከተማ ከዚህ የተሻለ ስም ሊሰጠው አይችልም፤ ስሙ ግን ምኞት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሥራ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ከዋና ከተማዋ እስከ ጣና ዳር በአንድ ሰዓት የምትበርበትን ጥበብ አግኝታለች። ይህን ያህል ከተቻለ፣ ከቋሪት ገደል እስከ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያለውን መንገድ ከአንድ ቀን ወደ አንድ ሰዓት ማውረድ አይቻልም ሊባል አይገባም። የአገር ስፋት ታውቆ የሚኖረው አይሮፕላኑ በሚበርበት ፍጥነት አይደለም፤ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ከሐኪም ደጅ ለመድረስ በሚፈጅባቸው ጊዜ ነው።